ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ያለው ማሽን

ፅጌረዳ ገብረ ሕይወት በ2001 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ንፋስ መውጫ ወደሚገኘው ብርሃነ ዓይን ክሊኒክ ስትመጣ በሩ ላይ የተቀበልኋት እኔ ነበርሁ። አስቻለው እባላለሁ፤ የዓይን ነርስ ነኝ። እሷ የተቀጠረችው ለካርድ ክፍል ነው። በእጇ ዘንቢል፣ በትከሻዋ ነጠላ፣ በፊቷ ላይ ደግሞ «ክሊኒክ የምትሉት ይህን ነው?» የሚል አስተያየት ይዛ ገባች። ያን አስተያየቷን በኋላም አልተወችውም። እኔም እያደር እውነቷን እንደሆነ አወቅሁ።

ክሊኒኩ የበጎ አድራጊዎች ነው። ሁለቱን ጋይንቶች፣ ስማዳንና እስቴን ያዳርሳል። አብዛኛው ታካሚያችን ማዝ ዓይኑን የበላው ገበሬ ነበር። የዓይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ዓመት ሙሉ በወረንጦ ሲያስነቅል ይኖርና ሲብስበት ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ቆቡን ቀደን ፀጉሩን ወደ ውጭ እንመልሳለን፤ በስምንተኛው ቀን ክሩን እናወጣለን። ሰውየው ማን እንደሆነና ከዚህ በፊት ምን እንደተደረገለት ካወቅን ሥራው ከባድ አይደለም። እኛ ግን አናውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ደጉ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል። ደጉ ደም ሲያይ ያጥወለውለው ስለነበር ሕክምና ክፍል ገብቶ አያውቅም። የሚወደው ስብሰባና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለ አምስት ቀለም ዕቅድ ነው። የክሊኒኩ ሰርቨር፣ ማለትም የታካሚው ሁሉ ታሪክ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በእሱ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ነበር። ዳንቴል አልብሶ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠበት። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪም ተገዝቶለት ነበር፤ ደጉ ግን ባትሪውን ነቅሎ ለቴሌቪዥኑ ሰጠው። ኳስ መሀል ላይ እንዳይቋረጥበት ነው።

በሰርቨሩ ላይ ያለው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ይባላል። ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ከዓመታት በፊት ተክሎት ሄዷል። ደጉ ነፃ ስለሆነ ብቻ ይንቀው ነበር። «በዋጋ ያልተገዛ ነገር ምን ዋስትና አለው?» ይላል፤ እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በዘመድ እንደሆነ ረስቶ።

ማሽኑ ቀርፋፋ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰባ ሺህ ያህል ካርድ ይዟል። የአንድ ሰው ስም ጽፈህ ፈልግ ስትለው አራት አምስት ደቂቃ ያስጠብቅሃል። ታካሚው ደጅ ላይ ነፋስ እየገረፈው ይቆማል፤ የከተማችንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። የካርድ ክፍል ሠራተኞች መጠበቅ ሲሰለቻቸው «አዲስ ነዎት» ይሉና አዲስ ካርድ ያወጡለታል። አንድ ቄስ አምስት ካርድ ነበራቸው። በካርዶቹ ላይ የተጻፈውን ቀዶ ሕክምና ብንቆጥር ኖሮ ሰውየው አራት ዓይን ነበራቸው ማለት ነው።

ደጉ ለዚህ ችግር ስብሰባ ጠራ። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ታካሚዎች ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እንድትገኙ»። ማሽኑ ስለዘገየ በሽተኛው እንዲፈጥን ታዘዘ።

ፅጌረዳ ማስታወቂያውን አነበበችና፣ «ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«አቶ ደጉ።»

«‹ሰዓት› የሚለውን በአልፋው አ ነው የጻፈው፤ በዓይኑ ዐ መሆን ነበረበት» ብላ ገባች። የተናገረችው ስለ ፊደሉ ብቻ ነው።

እንዲህ ያደረጋት አስተዳደጓ ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ከመካነ ኢየሱስ ከተማ አለፍ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። እሷ ሴት ስለሆነች ከተማሪዎቹ ጋር አልተቀመጠችም፤ ግን ከጎጆው ጀርባ ሆና እየሰማች ከብዙዎቹ የተሻለ ግዕዝ ታውቃለች። ትምህርት ቤት ስትገባ መዝጋቢው ስሟን በፀሐዩ ፀ ጻፈው። አባቷ በእግራቸው ሄደው፣ «ጽጌ በጸሎቱ ጸ ነው፤ አርሙት» አሏቸው። «መሪጌታ፣ ያው ነው» ተባሉ። ስሟ እንደተበላሸ እስከ ዲፕሎማዋ ድረስ ሄደ። መሪጌታ ያንን መዝጋቢ እስከ ዛሬ የሚጠሩት «ያው ነው» እያሉ ነው። ልጅቷም ከእሳቸው የወረሰችው ይህን ንቀት ነው፤ የሚያበላሽን ሳይሆን አበላሽቶ «ያው ነው» የሚልን ሰው ትጠላለች።

ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ተምራ በዲፕሎማ ተመርቃለች። ንፋስ መውጫ እንደመጣች ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት መሄድ ጀመረች። የዳታቤዙን መመሪያ መጽሐፍ በፍላሽ ገልብጣ አምጥታ፣ በምሳ ሰዓት መዝገበ ቃላት ይዛ ታነበው ነበር። አንድ ቀን ጠርታ አሳየችኝ።

«ዳታቤዙን ‹ይህን ስም የምትፈልገው እንዴት ነው?› ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚከተለውን መንገድ ይናገራል። ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

«ከመጀመሪያው ካርድ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ሁሉንም እያነበብሁ ነው አለ። ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ለሕክምና የመጣበትን ቀን ሁሉ መዝገብ ከላይ እስከ ታች ያገላብጣል። መጽሐፍ እንኳ ማውጫ አለው፤ ይህ ማውጫ የለውም። በዚያ ላይ የተሰረዘው ሁሉ አልተጠረገም። በራሱ ጊዜ እንዲጠርግ የሚያደርገውን ነገር አንድ ሰው አጥፍቶታል። ከሚያነበው ግማሹ ጥራጊ ነው።»

«ታዲያ ማሽኑ አይደለም ጥፋተኛው?»

«ማሽኑ ያዘዙትን ነው የሚሠራው። የማይሠሩት እነሱ ናቸው» አለች፤ ጭንቅላቷን ወደ ደጉ ቢሮ እየነቀነቀች።

ለደጉ ነገረችው። ማውጫ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀች። ደጉ፣ «አንቺ የካርድ ሠራተኛ ነሽ። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያ ይመጣል» አላት።

ባለሙያው በ2002 የካቲት ላይ መጣ። መሐሪ ይባላል፤ ኢንጂነር እያሉ ነበር የሚጠሩት። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ሰርቨሩን ከፍቶ አበባውን ወለል ላይ አስቀመጠና፣ «ይሄ ነፃ ነገር ለጨዋታ ነው እንጂ ለሥራ አይሆንም። ለጊዜው ግን አፈጥንላችኋለሁ» አለ። ሜሞሪ ጨመረበት። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር አጠፋ። ማሽኑ በእርግጥ ፈጠነ። ፍለጋው ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ፤ አዲስ ካርድ መጻፍማ እንደ ጥይት ሆነ። ደጉ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። መሐሪ ጋቢ ተሸለመ፤ አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ።

ፅጌረዳ አላጨበጨበችም። መሐሪ ዕቃውን ሲሸክፍ ቀርባ፣ «ይቅርታ፣ ኢንጂነር፤ ያጠፉትን ነገር አይቻለሁ» አለችው።

«እሺ?»

«ዳታቤዙ አንድ ነገር ሲጻፍበት፣ ዲስኩ ላይ በእርግጥ መስፈሩን አረጋግጦ ነው ‹ጽፌያለሁ› የሚለው። እርስዎ ማረጋገጡን አጠፉት። አሁን ሳይጽፍም ‹ጽፌያለሁ› ይላል። መብራት ድንገት ቢጠፋ ያለን መዝገብ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። መጽሐፉ ላይ በግልጽ ተጽፏል።»

መሐሪ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እዚህ አገር ሴት ልጅ ሁሉ ታውቀዋለች። «እህቴ፣ መጽሐፍ ማንበብሽ ጥሩ ነው። አንቺ ካርድሽን ጻፊ፤ ሲስተሙን ለእኛ ተዪው» አላትና ጋቢውን አጣጥፎ ሄደ።

ደጉ በዚያው ሰሞን «ወረቀት አልባ አሠራር» የሚባል ነገር ከሥልጠና ይዞ መጣ። በየገጠሩ ወጥተን ቀዶ ሕክምና ስናደርግ ስም የምንይዝበት ወረቀት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ እንዲቃጠል ታዘዘ። ፅጌረዳ ወረቀቱ ለአንድ ወር እንኳ ይቆይ ብላ ተከራከረች። ደጉ ኋላቀር አላት። ሚያዝያ መጨረሻ ስማዳ ውስጥ ወዳለችው ወገዳ ወርደን ለአንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና አደረግን። ብዙዎቹ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ስለሆኑ፣ «አትምጡ፤ በስምንተኛው ቀን እኛ በየቀበሌያችሁ መጥተን ክሩን እናወጣለን» አልናቸው። ተመልሰን ስሙን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባን፤ ወረቀቱን አቃጠልን። ደጉ ሲቃጠል ፎቶ አስነሣ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጉና ተራራ ደመና ከተማው ላይ ወረደና ነጎድጓድ ጀመረ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የደጉ ቴሌቪዥን አልጠፋም። ሰርቨሩ ጠፋ።

መብራት ሲመጣ ዳታቤዙ አልነሣ አለ። ፅጌረዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ መልእክቱን አንድ በአንድ አነበበች። ድምፅዋ እንደተለመደው ደረቅ ነው። «ገጾቹ ተበላሽተዋል። ቅጂ የታለ?»

ደጉ ከመሳቢያው አንድ ሲዲ አወጣ። ከስድስት ወር በፊት የተቀዳ ነው። ሌላም አወጣ። ሁለተኛው ባዶ ነበር፤ ምንም አልተቀዳበትም። ላዩ ላይ ግን በሚያምር ጽሕፈት «ቅጂ» ተብሎ ተጽፎበታል። መሐሪ ጋ ተደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው።

ደጉ በማግስቱ ስብሰባ ጠራ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ያለ ፈቃድ ሲስተሙን ስትነካካ እንደነበር፣ ለጉዳቱም ምክንያት እንደሆነች የሚል ቃለ ጉባኤ ተዘጋጅቶ ቀረበ። ማስጠንቀቂያም ተጻፈላት። ስምንት ሰው ፈረመ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ስለ መሐሪና ስለ ደጉ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ስጽፍ ያን ፊርማ ረስቼው አይደለም። ቤተሰብ ነበረኝ፣ ምናምን። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያጣም። እሷ ማስጠንቀቂያውን ተቀብላ አነበበችና አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አስቻለው፣ መኪናውን አስፈቅድልኝ። የእነዚያ ሰዎች ስምንተኛ ቀን ነገ ነው» አለች። ስለ ፊርማዬ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ስማዳ ስንወርድ ፒካፑ ጭቃ ውስጥ እየተተከለ ስንገፋው ዋልን። ወገዳ የደረስነው በማግስቱ እሑድ ነው። ፅጌረዳ ከቅዳሴ በኋላ ለደብሩ አስተዳዳሪ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አልሸፋፈነችም። «አባታችን፣ የታከሙትን ሰዎች ስም አጥፍተነዋል። እባክዎን ለሕዝቡ ይንገሩልን» አለች። እሳቸውም ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ለአጎራባች አድባራትም መልእክተኛ ላኩ። ያን ዕለትና በማግስቱ፣ ከዚያም በገበያው ቀን ሰው በፋሻ ዓይኑን እንደሸፈነ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ክር አወጣለሁ፤ እሷ በደብተር ትመዘግባለች።

አንዲት ሴትዮ ተራቸው ደርሶ ተቀመጡ። ፅጌረዳ፣ «ስምዎን ይንገሩኝ፣ እማማ» አለቻቸው።

«የትኛውን?»

«ስንት ስም አለዎት?»

«ባለፈው ለእናንተ የነገርኋችሁ ወለተ ጊዮርጊስን ነው። ቢላ ፊት ሲቀርቡ የክርስትና ስም ነው የሚጠራው ብዬ። ሰው የሚጠራኝ አማረች ብሎ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ይቺኑ ዓይኔን ስትቀድዱኝ አማረች ብያችሁ ነበር።»

እኔ ክሩን እያወጣሁ ቀና አልሁ። ያንን ዓይን ከዚህ በፊት እንደቀደድነው አናውቅም ነበር። ሁለተኛ ቀዶ ሲሆን አቀዳደዱ ይለያል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልኋቸው።

«እናንተ ጽፋችሁት የለም እንዴ? እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። የምትጽፉት ለማን ነው?» አሉኝ። ፅጌረዳ ሁለቱንም ስም ደብተሩ ላይ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረች።

በአምስት ቀን ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባቱን አገኘን። ስድስቱ አልተገኙም። አምስቱ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው ክሩን እንዳስወጡ ሰማን። ስድስተኛው ሰኔ ላይ በቃሬዛ መጣ። ክሩ ቆቡ ውስጥ ተቀብሮ መግል ቋጥሯል። ዓይኑን ልናድነው አልቻልንም። የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ እርሻው ሊታረስ ክረምት ገብቶበታል። ደጉ ለረጂዎች በላከው ሪፖርት ላይ «ከተጠቃሚዎች ዘጠና ስድስት በመቶው በስኬት ክትትል ተደርጎላቸዋል» ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱን በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ።

ከወገዳ ስንመለስ ደጉ ሰርቨሩን ሊያስጥለው ነበር። ሌላ ሰው ስላልተገኘና መሐሪም ስልኩን ስላልከፈተ ግን ፅጌረዳን ዝም አላት። ፈቅዶላት አይደለም፤ ኃላፊነት መውሰድ ስለፈራ ነው። ሰርቨሩን ከቢሮው አውጥታ ካርድ ክፍል አስገባችው። ባትሪውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ራሷ ነቀለች። የተበላሹትን ገጾች እየዘለለች የተረፈውን እያወጣች፣ የቀረውን ከድሮው ሲዲ እየሞላች ሦስት ሳምንት ሠራች። ከሰባ ሺህ ካርድ የጠፋው ሁለት ሺህ አይሞላም። ማረጋገጡን መልሳ አበራችው። መጥረጊያውን አበራችው። ማውጫም ሠራችለት።

አሁን ፍለጋው ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም ነበር። ግን ብዙውን ሰው አሁንም አያገኘውም። ምክንያቱ እኛ ነን። ኃይሉ የሚባል አንድ ገበሬ፣ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ አራት ሰው ሆኖ ተጽፏል። ለማሽኑ እያንዳንዱ ፊደል ሌላ ነው። ፅጌረዳ ዝርዝሩን አትማ ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ሰበሰበችን።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?» አለች። ሁላችንም ነበርን። «አንድን ሰው አራት ያደረጋችሁት ተአምር መሥራት አምሯችሁ ነው? በብዙኃኑ ኀ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ አያውቅም?»

ለሁለት ሳምንት ያህል ትክክለኛውን ፊደል ልታስተምረን ሞከረች። አልሆነም። እኛ «ያው ነው» የምንል ሰዎች ነን። በመጨረሻ ተሸነፈች፤ ወይም ያኔ ተሸነፈች ብዬ ነበር። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥና፣ ከጀርባው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ መልክ እንዲኖረው አሰበች። በዚያ ድብቅ መልክ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ይሆናሉ፤ ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ አንድ ይሆናሉ። ማውጫውም የሚሠራው በዚያ መልክ ላይ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ግን ከመጽሐፉ ሙሉ በሙሉ አልገባትም። ስለዚህ ዳታቤዙን የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ ሆነው የሚጻጻፉበት የኢሜይል መድረክ ላይ ጥያቄዋን ላከች። ቅዳሜ ልካ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ስትሄድ ሦስት መልስ አገኘች። አንደኛው ሰው ትእዛዙን ጽፎላታል። ሁለተኛው ስህተቷን ያለ ርኅራኄ ነቅሶ አርሟታል። ሦስተኛው ስለ ፊደሎቹ ተጨማሪ ጠይቋታል።

አትማ አሳየችኝ። «ዲፕሎማ ነው ዲግሪ ያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። ደስ ብሏት እንደሆነ ያወቅሁት ወረቀቱን ደጋግማ ስላጣጠፈችው ነው።

በ2003 ጥር ላይ አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሊታከሙ መጡ። መሪጌታ ገብረ ሕይወት ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ታክመው ስለነበር ካርዳቸው ተፈለገ። ወዲያው ወጣ። በአንዱ ዓይናቸው ወደ ማሳያው ተጠግተው አዩና ቀጥ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ማሳያው ላይ «ገ/ህይወት» ይላል።

«ስምዎ ነው፣ አባባ።»

«የኔ ስም አይደለም። ገብረን ማን ነው በሰረዝ የቆረጠው? ሕይወትን ማን ነው በሃሌታው ሀ የጻፈው? ደግሞስ ያንቺ መኪና እንዲህ ተበላሽቶ ሳለ እኔ መሆኔን በምን አወቀ?»

ፅጌረዳ በሕይወቷ ስትፈራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። ሰረዙን ገብረ ብሎ እንዲያነብ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ለፍለጋ ሲባል አንድ አድርጎ እንዲቆጥር እንዳደረገችው አስረዳች።

«ልጄ፣ ሠራዊትንና ሰማይን በአንድ ፊደል አደረግሽ ማለት ነው?»

«ለመፈለጊያ ብቻ ነው፣ አባባ። የተጻፈው አይነካም።»

«አንቺም ‹ያው ነው› አልሽ?»

«አላልሁም። ያው እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው ሁለቱን ለይቼ ያስቀመጥሁት። ስሙን የሚጽፉት እነዚህ ናቸው» አለች፤ በእጇ እኛን እያሳየች። «እነዚህን ፊደል ለማስተማር ሞክሬያለሁ። እስኪማሩ ድረስ በሽተኛው ደጅ መቆም የለበትም።»

መሪጌታ ዞረው አንድ በአንድ አዩን። በሞራ በተጋረደ ዓይን እንደዚያ ተንቄ አላውቅም። ከዚያ፣ «እውነትሽን ነው፤ እነዚህ አይማሩም» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እንደተቀመጡም፣ «የኔን ግን አርሚልኝ» አሏት። አረመችው፤ በሐመሩ ሐ፣ ያለ ሰረዝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለወሬ አይመችም፤ ምክንያቱም ምንም አልሆነም። መብራት በወር አሥር ጊዜ ይጠፋል፤ አንድም ካርድ አልጠፋም። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ቅጂ ይወሰዳል። በየሳምንቱ ደግሞ ቅጂውን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መልሳ ትጭነውና አሥር ስም ፈልጋ መገኘታቸውን ታያለች። ደጉ ይህን ሲያይ ጊዜ ማባከን ነው ይል ነበር። ካርዶቹም እየተገናኙ ሄዱ፤ ቄሱ አምስት ካርዳቸው አንድ ሆኖ ዓይናቸው ወደ ሁለት ተመለሰ።

በ2004 መጋቢት ላይ ደብረ ታቦር ላይ ሥልጠና ተጠራ። ርእሱ «የዳታቤዝ ፍጥነትና አስተማማኝነት» ነው። አሠልጣኙ መሐሪ ነው። ደጉ መግቢያውን አነበበ፤ ክሊኒኩ በእሱ አመራርና በኢንጂነር መሐሪ ሙያ ያስመዘገበው ውጤት ተሞክሮ ሆኖ እንደሚቀርብ ተናገረ። ከዚያ ስላይዱ በራ። የፊደሎቹ ሠንጠረዥ፣ የማውጫው ትእዛዝ፣ የፍጥነቱ ልኬት፣ ሁሉም ፅጌረዳ ለራሷ ማስታወሻ ብላ ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጠችው ነው፤ ደጉ ገልብጦ ሳይሰጠው አልቀረም። መሐሪ ከማስታወሻው ላይ ስሟን አውጥቶ የራሱን አስገብቷል። ሠንጠረዡን ሲያነብ ሐመሩን ሐ ብዙኃኑ ኀ አለው።

ፅጌረዳ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። እኔ አጠገቧ ነኝ። ትነሣና ታዋርደዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር ጓጉቼ ነበር። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ እጇን አወጣች።

«ኢንጂነር፣ ይህ ሲስተም ቅጂ ይወሰድለታል ብለዋል።»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«ቅጂውን መልሰው ጭነው የሞከሩት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?»

መሐሪ ያንን ፈገግታ ፈገግ አለ። «ሲስተሙ ራሱን በራሱ ነው የሚሠራው፣ እህቴ። መሞከር አያስፈልገውም።»

«አመሰግናለሁ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ወጣች። ተከትያት ወጥቼ፣ «ለምን አልነገርሻቸውም? ሥራው ያንቺ መሆኑን ለምን አልተናገርሽም?» አልኋት።

«ለማን? ላጨበጨቡት?» አለችኝ። «አንተስ አፍ የለህም?»

አፍ ነበረኝ። ተመልሼ ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ፤ ምሳ ከምሳ ሰዓት በፊት ደረሰ፤ በላሁ። እሷ የዕለቱን ሚኒባስ ይዛ ንፋስ መውጫ ተመለሰች፤ ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል የሚተካት ሰው ስላልነበረ።

ደጉ በዓመቱ ዕድገት አግኝቶ ሄደ። ሲሸኝ ስለ ወረቀት አልባ አሠራር ንግግር አደረገ። መሐሪ አሁንም ያሠለጥናል ይባላል። ፅጌረዳ በ2006 ክሊኒኩ መካነ ኢየሱስ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ለአባቷ ልቅረብ ብላ ተዛወረች። ማስጠንቀቂያው ግን ከፋይሏ አልወጣም፤ እንዲወጣ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍሁ፣ መልስ አልመጣም። ሦስተኛ አልጻፍሁም።

በ2008 ኅዳር ላይ ለሥራ ሄጄ ካርድ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንድ ባለ ካፖርት ሽማግሌ መጡና ስማቸውን ተናገሩ። የአባታቸውን ስም ጨርሰው ወደ አያታቸው ሳይደርሱ ፅጌረዳ፣ «አገኘሁዎት፤ በሁለተኛው በር ይግቡ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ከቦታቸው አልተነቃነቁም። «ምን ፈለግሽና ነው ያገኘሽው? ገና አያቴን እንኳ አልነገርሁሽ! ሥራ እንደዚህ አይሠራም፤ ደኅና አድርገሽ ፈልጊ እንጂ!»

«ከዚህ በላይ አይፈለግም፣ አባቴ። ይግቡ።»

«የድሮዎቹ ልጆች ግማሽ ቀን ይፈልጉ ነበር» አሉ ወደ እኔ ዞረው፤ እንድፈርድላቸው ነው። እኔም ከድሮዎቹ አንዱ ስለሆንሁ መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ የዘንድሮ ልጅ ቸልተኛ ነው እያሉ በሁለተኛው በር ገቡ።